የታችኛው እኩሌታ

ይህን ነገር ከአፌ ሰምቶ ያመነኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ልናገረው ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሳቀልኝ። መተማ ላይ እኔ ታከለ አፌን ስከፍት ሰው ጥርሱን ይከፍታል። ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ «አባ፣ በሐሰት መስክሬ ሰው አጥፍቻለሁ» ስላቸው መስቀላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። «ደግሞ ይኼኛው ወዴት ሊያደርሰን ነው?» አሉኝ። ምን ላድርግ? የግመሏንና የቀረጥ ተቀባዩን ወሬ አውርቼላቸው ወጣሁ። ስለዚህ ለወረቀት እናዘዛለሁ። ወረቀት አይስቅም። አንተም ይህን የምታነብ፣ ፊቴን አታየውምና እመነኝ።

ጣሊያን መተማን ከያዘ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ቁጥቋጦውን አስመነጠረና ለአይሮፕላን ማረፊያ የሚሆን ሜዳ አበጀ። ሜዳ ማለቴም ለወጉ ነው። አንድ ረዘም ያለ የማሽላ እርሻ የሚያህል መሬት፣ መሐሉ ላይ አንድ ግንድ፣ ግንዱ ጫፍ ላይ ነፋስ የሚሞላው የጨርቅ ከረጢት፣ ከዳር አንድ ድንኳን፤ ይኸው ነው። በድንኳኑ ውስጥ ራዲዮ የያዘ ጣሊያን ይቀመጣል። ሥራው ሰማይ ማየት ነበር። ሰማዩን በዓይኑ ስምንት ቦታ ይሸነሽንና ስንቱን እጅ ዳመና እንደያዘው፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ፣ ከሱዳን በኩል ሀቡብ፣ ያ ቀዩ የአቧራ ግድግዳ፣ ተነሥቶ እንደሆነ ጠዋት ጠዋት ለጎንደር ይናገራል። እኛ «ዳመና ቆጣሪው» ብለነው ነበር።

ሰማዩን ይቁጠረው፤ ምድሩን ግን አያውቀውም። ዋልካን፣ ያን ጥቁር ጭቃ አፈር፣ የሚያውቅ የቆላ ሰው ነው። ዋልካ ሌሊት ዝናብ ጠጥቶ ጠዋት ፀሐይና ነፋስ ካገኘው ላዩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ያየው ሁሉ ደረቅ ነው ይላል። ከስንዝር በታች ግን ገንፎ ነው። በሬ ይውጣል። ሌላ ቀን ቢሆን ዝሆን ይውጣል እል ነበር፤ ዛሬ በሬው ይበቃኛል። ለዚህ ሲል ዳመና ቆጣሪው ሁለት ሰው ቀጠረ፤ እኔንና ጎረቤቴን ኢድሪስን። ለጣሊያን ማደሬን አላስተባብልም። ተርቤ ነበር ብልህ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ አይሮፕላን በቅርብ ለማየት ነው።

ሜዳውን ለሁለት ተካፈልነው፤ የቱ የማን እንደሆነ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጠጠር የቀላቀለው ላይኛው እኩሌታ የኢድሪስ ሆነ፤ ወደ ወንዙ ዝቅ የሚለው ታችኛው የእኔ። በየማለዳው እያንዳንዳችን ሹል እንጨት ይዘን ከየጫፋችን እንነሣለን። በየአሥር እርምጃው እንጨቱን እንተክላለን፤ ስንዝር ላይ ምልክት አለው፤ እስከ ምልክቱ ጭቃ ይዞ ከወጣ ያን ቀን አይሮፕላን አይመጣም። ከግንዱ ሥር ስንገናኝ የእንጨታችንን ጫፍ እንተያያለን። ከዚያ እኔ፣ አፍ አለኝና፣ ለዳመና ቆጣሪው አስተርጓሚ እነግረዋለሁ።

ኢድሪስ ዝምተኛ ከብት አርቢ ነበር። «ያ ዞል» ይለኛል፤ በሱዳኖች አፍ «አንተ ሰው» እንደ ማለት ነው። አንድ ቀን በገበያ መሐል፣ ፊቴን እንደ ዳኛ አክብጄ፣ «ይህ ሰው ትናንት የቄሱን አህያ ሲነዳ አይቼዋለሁ» አልኩ። ምስኪኑ ደነገጠ። በአላህ ማለ፣ በልጆቹ ማለ፣ ላብ አጠመቀው። ጉድ እስኪሆን ጠብቄ ሳቅኩ፤ ገበያው አብሮኝ ሳቀ። ወደ ቤታችን ስንመለስ እንዲህ አለኝ፦

«ያ ዞል፣ ከእንግዲህ አልምልልህም። ያንን ፊትህን ስታመጣ ዝም ብዬ ሳቅህን እጠብቃለሁ።»

ቃሉንም ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ ምን ብነግረው እንዲሁ ከከንፈሩ ዳር ፈገግ ብሎ ያየኛል፤ እስክስቅ ይጠብቀኛል። ይህን ያዝልኝ። ኃጢአቴ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ግንቦት አልቆ ሰኔ ሊገባ ሲል ነው። ሌሊት ወደ ወንዙ በኩል አንድ ዳመና አልፎ ነበር፤ እኔ ተኝቼ አልሰማሁም። ጠዋት ወደ ሜዳው ስሄድ ገበያው ዳር ካለችው ሻይ ቤት የሰው ድምፅ ሰማሁና ጎራ አልኩ። አንድ ወሬ ጀመርኩ። አሥር የሚሆን ሰው ከቦኝ አፍ አፌን ያያል፤ ሳቁ በስሏል፣ ሊፈነዳ ነው። እንዴት ልነሣ? ማን ይነሣል? እኔ አልተነሣሁም። ሜዳውን አልረገጥኩም። ሳቁ ከፈነዳ በኋላ ፀሐይዋን ሳይ የራዲዮው ሰዓት ደርሷል። ሮጥኩና አስተርጓሚውን ከድንኳኑ በር አገኘሁት።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ከበሮ ነው! ብትመታው ይጮሃል። ማኅበር ጠርተህ አስጨፍርበት!»

አስተርጓሚው እየሳቀ ገባ። ራዲዮው ይንጫረር ጀመር።

ኢድሪስ ከግንዱ ሥር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ እንጨቱን ዘርግቶ ደረቅ ጫፉን አሳየኝ።

«የአንተስ የታለ?»

«ዝሆን ቀማኝ።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ታችኛውን አልሄድክበትም እንዴ?» አለኝ።

«ሄጃለሁ እንጂ! አንተ ሳትነቃ፣ ከጅብ ጋር ነው የወረድኩት።»

«ወላሂ በል።»

«ማርያምን!»

ማልኩ። በአምላክ እናት ስም ማልኩ። ኢድሪስም ቀልዴን እንጂ መሐላዬን ተጠራጥሮ አያውቅምና አመነኝ። ያኔ እንኳ ጊዜ ነበረኝ። አይሮፕላኑ እስኪመጣ ሜዳውን ሦስት ጊዜ እመላለስበት ነበር። ለምን አልሄድኩም? እኔ እንጃ። ላዩን አየሁት፤ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኗል። ደረቅ ነው አልኩ ለራሴ። እኔ፣ ዋልካን የማውቀው፣ ደረቅ ነው አልኩ።

አይሮፕላኑ መጣ። ላይኛውን እኩሌታ እንደ ቅቤ አለፈው። ወደ ታችኛው ሲገባ መንኮራኩሮቹ ተዋጡ፣ ጭራው ወደ ሰማይ ተነሣ፣ አፍንጫው ተተከለ። አብራሪውን አውጥተን ከከረጢቱ ግንድ ሥር አስተኛነው። ልጅ እግር ነው፤ እጁ ላይ ክር አስሯል። ጠላት ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ጀምበር ሳትጠልቅ ሞተ።

ከከተማው አንድ መኮንን መጣና ሁለታችንን ጎን ለጎን አቆመን። በግርግሩ መሐል ቤቴ ሮጬ እንጨቴን ይዤ ተመልሻለሁ፤ ይህንንም እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ ማንም አልመከረኝም። መኮንኑ የሁለታችንንም እንጨት አገላብጦ አየ። ሁለቱም ደረቅ ናቸው።

«የታችኛው እኩሌታ የማን ነው?» አለ አስተርጓሚው።

 ጣቴ ወደ ኢድሪስ ተዘረጋች።

«የእሱ ነው» አልኩ።

በምን ፊት ተናገርኩት መሰለህ? በዚያው በገበያው ፊት። ሌላ ፊት የለኝም። ስፈራም ስቀልድም ያው ነኝ።

አስተርጓሚው ወደ ኢድሪስ ዞረ። «እውነት ነው? ታችኛው የአንተ ነበር?»

ኢድሪስ ወደ እኔ ዞሮ ከከንፈሩ ዳር ፈገግ አለ። ይጠብቀኝ ጀመር።

እስክስቅ ነው የሚጠብቀው! አንድ ጊዜ «ኸ!» ብል ይበቃ ነበር። አንድ ትንፋሽ። እኔ በእድሜዬ ሙሉ ስንቱን ያሳቅኩ፣ በለቅሶ ቤት የሳቅኩ፣ ያን ጊዜ አፌ ዋልካ ውስጥ ገባ። ልስቅ ብል ልሞት ነው፤ ካልሳቅኩ እሱ ሊሞት ነው። አልሳቅኩም። መኮንኑ ዝምታውን አየ፣ ፈገግታውን አየ፣ ደረቁን እንጨት አየ። እንጨቱን ጭቃ ያልነካው ታችኛውን ስላልሄደበት ነው፣ የሚስቀውም ሆን ብሎ አይሮፕላኑን ስለጣለ ነው አለ። የእኔ እንጨት ደረቅ መሆኑ ግን ለላይኛው እኩሌታ መሰከረልኝ።

እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ያ ዞል» አለኝ፣ በዝግታ፣ ልጅ እንደሚቆጣ ሰው። «በቃ እኮ።»

ካሚዮን ላይ ጫኑት። በማግስቱ ልናገር ቆርጬ ድንኳኑ ድረስ ሄጄ ነበር።

«ወደ ጎንደር ተልኳል» አለኝ አስተርጓሚው። «ምን ልትል መጣህ?»

«እንጨቴን ልወስድ።»

ሰጠኝ፣ ይዤ ተመለስኩ። ኢድሪስ አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ባበቃ ምንኛ በወደድኩ! ጣሊያን ከመተማ የወጣ ጊዜ ሰው ሁሉ በየዛፉ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ያደረገውንም ያላደረገውንም ያወራ ነበር። አንዱ «ያን አይሮፕላን ግን ማን ነው የዋልካ ራት ያደረገው?» ብሎ ወደ እኔ አየ። ሁሉም አየኝ። አፍ ናት እኮ፤ አስለምጃታለሁ። «እኔና ኢድሪስ ነን» አልኩ። «መክረን ነው፤ ሜዳው ጭቃ መሆኑን እያወቅን ከበሮ ነው አልናቸው!» እልል ተባለ። በሳምንቱ አንዱ አይሮፕላን ሁለት ሆነ፤ ሽንፋ ላይ ስደርስ ሦስት ሆኖ ጠበቀኝ። ሦስተኛውን እኔ አልጨመርኩትም፤ እንዳላስተባበልኩት ግን እናዘዛለሁ።

ወሬው የኢድሪስን ሚስት ዘይነባን ደረሳት። አንድ ቀን ቤቴ መጣችና ከደጄ ቆመች።

«አያ ታከለ፣ ባሌ በከንቱ የሞተ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። «ለካ አርበኛ ኖሯል። ለልጆቹ ነገርኳቸው። ትልቁ ትናንት አንገቱን ቀና አድርጎ ገበያ ዋለ።»

በዚያች ሰዓት ምን ይባላል? እውነቱን ብነግራት ባሏን ሁለተኛ ልገድልባት ነው። ባልነግራት ደግሞ የገደልኩት ሰው መቃብር ላይ ቆሜ ሙገሳውን ልካፈል ነው። እንደ ምንም ብዬ አወጣሁት፦

«ዘይነባ፣ ውሸት ነው። ምንም አልመከርንም። የታችኛው እኩሌታ የእኔ ነበር። በሻይ ቤት ተቀምጬ ሳወራ ሳልሄድበት ቀረሁ፤ በባልሽም አላከክሁ።»

አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ከከንፈሯ ዳር ፈገግ አለች። ያችን ፈገግታ ከባሏ ወርሳታለች። ቆማ ትጠብቀኝ ጀመር።

ሳቅኩላት።

ለኢድሪስ የነፈግኩትን ሳቅ ለሚስቱ ሰጠኋት። «አንተ ሰው፣ እንዲህ ባለው ነገር እንኳ አትተውም!» ብላ ጭኗን መታ መታ አድርጋ፣ እንባዋን በሻሿ ጠርጋ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔም ደጃፌ ላይ፣ አፌ እንደተከፈተ፣ ቀረሁ።

ፈርቼ ነው አልልም፤ ኢድሪስም ይፈራ ነበር። ዘመኑ ነው አልልም፤ ያን ጠዋት ዘመን አይደለም ሻይ ቤት ያስቀመጠኝ። ይቅር በለኝ ብዬ አንተንም አላስቸግርህም፤ ይቅር የሚለኝ ሰው ፈገግ እንዳለ ካሚዮን ላይ ወጥቷል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ይህች ወረቀት በእጅህ ከገባች ለዘይነባ አንብብላት። ቀስ ብለህ፣ ሳታስቅ አንብብላት። ስታነብላት ግን እኔን አትጥራኝ፤ ብመጣም ከደጅ መልሰኝ። ፊቴን ካየች ሳቄን ትጠብቃለች፤ እኔም እስቅላታለሁ።