ባለቤቱ ጥሎት የወጣው ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላወቅኩትም። «ሐዋ ነኝ፣ የሼህ ሰይድ ልጅ» አለችኝና ድምፅዋ ተቆረጠ። መስመሩ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» እላለሁ። መስመሩ አልነበረም። አባቷ ሰኞ ሞተው፣ እንደ ሃይማኖታቸው ደንብ በዚያው ቀን ኮምቦልቻ ተቀብረው አልቋል። ልሂድ ብል መንገዱ አያስኬድም። ቢያስኬድስ፣ አንድ የጎጃም ክርስቲያን ለአንድ እስላም ሽማግሌ መቃብር ያን ያህል አገር ምን ሊያደርግ እንደሚያቋርጥ፣ በየኬላው ለሚጠይቀው ሁሉ ምን ብሎ ያስረዳል?

ጋቢዬን ደርቤ ደጄ ላይ ዱካ ስቤ ተቀመጥኩ። እህል አላሰኘኝም። እማማ የሺ፣ ከበላዬ የሚኖሩት አሮጊት፣ ከኪዳን ሲመለሱ አዩኝ።

«ምነው ይበልጣል፣ አመመህ?»

«አላመመኝም። ሰው ሞቶብኝ ነው።»

«እኔን ልጄን! ማን?»

«አባቴ።»

እዚህ ሠፈር የገባሁት በቅርቡ ነው። ወላጅ አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ደብረ ኤልያስ መቀበሩን እማማ የሺ በምን ያውቁታል? ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጎረቤት ሊጠሩ ሄዱ። አልዋሸኋቸውም። ላስረዳቸው ብልም አልጠበቁኝም። ሰው እስኪሰበሰብ ብቻዬን ተቀምጬ ያሰብኩትን ነው እዚህ የማሰፍረው።

ያን ጊዜ ጉልበቴ ደኅና ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ጋሪ እነዳለሁ። ባጃጅ ገበያችንን መሻማት የጀመረበት ዘመን ነው። ታናሽ ወንድሜን አለባቸውን ከገጠር አምጥቼ፣ ከሼህ ሰይድ ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ፈረሴም ከክፍላችን አጠገብ በረት ነበረው። በግድግዳው በኩል ሲያኝክ ይሰማናል። ሼህ ሰይድ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲቱ ልጃቸው ሐዋ አግብታ ኮምቦልቻ ገብታለች። ከእኛና ከስፌት መኪናቸው በቀር የሚያነጋግራቸው አልነበረም።

አለባቸው እጁ ቀና ነው። ሼሁ አጠገባቸው አስቀምጠው መጀመሪያ ዘምዘማ፣ ቀጥሎ ሱሪ፣ በመጨረሻም ኮት አስተማሩት። እኔንም ፊደል ላስቆጥርህ ብለው ሞክረው ነበር። ቀኑን ሙሉ ጤፍና ሰው ስጭን ውዬ ማታ ገበታው ፊት እንቅልፍ ይጥለኛል። «ተወው» ይሉታል አለባቸውን፣ «ፈረሱን ባስተምረው ይሻለኝ ነበር። እሱ ቢያንስ ቆሞ ነው የሚያንቀላፋ።»

ስለ ሥጋ ልንገራችሁ፤ ይህን ያልኖረበት ሰው አይገባውም። በእኛ አገር ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይቀምስም። በአንድ ግቢ እየኖርን ቢላዋችንም ድስታችንም ለየብቻ ነበር። ፋሲካ ሲመጣ ግን ሼህ ሰይድ ገበያ ወርደው ሙክት መርጠው፣ ገመዱን ይዘው በራችን ድረስ ያመጡልናል። «እንግዲህ ባርካችሁ እረዱት» ብለው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። እኛ ጥብስ ስንበላ እሳቸው እዚያ ማዶ ሽሯቸውን ይበላሉ። ለኢዳቸው በተራችን ዶሮ በነፍሱ እንወስድላቸዋለን። ዳቦና ንፍሮ ግን አንድ ላይ ነበር። «ንፍሮ አንገት የለው፣ ማን ባረከው አይባል» ይሉ ነበር። ሰው ይህን መለያየት ነው ይለዋል። እኔ ከዚያ የበለጠ መከባበር ከዚያ ወዲያ አላየሁም።

አለባቸው መተማ ደርሼ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። ከመተማ ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ። አንድ ቀን በሼሁ ስልክ ደወለ፤ «ባሕሩ ጋ ደርሻለሁ፣ ጸልዩልኝ» አለን። ሁለታችንም ጸለይንለት፣ እኔ በራሴ፣ እሳቸው በራሳቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

የዚያን ዓመት ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ነው ያ ወሬ የመጣው። ሊቢያ በረሃ ላይ፣ እስላም ነን የሚሉ ገዳዮች የኛን ልጆች በክርስትናቸው አርደው፣ ቀርጸው ለዓለም አሳዩት። ከተማው ዝም አለ። የጾሙ መፍቻ ሥጋ በየቤቱ ተንጠልጥሎ የሚበላው ጠፋ። ሚያዝያ ነው፣ ሰማዩ አቧራ ነው። ከገበያ ወደ መነኻሪያ ሰው ስጭን የሚያወራ ተሳፋሪ አልነበረም፤ የፈረሱ ኮቴ ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ፈረሴን ስጠምድ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች በጓሮው በር ገቡ። ለመርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚመጣው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። የእድሩ ዳኛ ከፊት ናቸው። ከኋላቸው ታደሰ፣ የሠፈሩ ፎቶ ቤት የሚሠራው ወጣት፣ ስልኩን ጨብጧል።

«ይበልጣል፣ ወንድ ነህ፣ ቻለው» አሉኝ ዳኛው። «አለባቸው ከነዚያ ልጆች አንዱ ነው።»

«ማን አየው?»

«እኔ አይቼዋለሁ» አለ ታደሰ። «ከቀኝ ሦስተኛው። ቁመናው እሱ ነው፣ እይ።»

አየሁ። አሸዋ ላይ የተንበረከኩ ሰዎች ናቸው። ፊታቸው አንድ መዳፍ በማታህል የስልክ መስተዋት ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ ነው። እሱ ነው ማለት አልቻልኩም። አይደለም ማለትም አልቻልኩም። ወደቅሁ፤ ያን አይተው አወቀው አሉ። መርዶው በዚህ ጸደቀ።

ድንኳን ተተከለ። መንገዱ ላይ ነው የተተከለው፤ ገመዱ የታሰረው በሼህ ሰይድ አጥር ላይ ነው። የማላውቀው ሰው ሁሉ መጣ። እንደ ጋሪዬ ጎማ እንኳ አይቶኝ የማያውቅ ሹም እጄን ይዞ «ወንድማችን» አለኝ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ፎቶ ይፈልጋልና፣ ታደሰ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የነበረውን ወስዶ አሳድጎ ሰቀለው። ከላዩ ጽሑፍ አለበት። ምን ይላል ብዬ ጠየቅሁ።

«ሰማዕቱ ወንድማችን ይላል።»

እንጀራ ፍለጋ የወጣ ልጅ ነው። ደጄ ላይ ምን ብለው እንደሰቀሉ ማንበብ አለመቻሌ እንደዚያ ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። በኋላ ማታ ማታ ከሕፃናት ወንበር ላይ ተኮልኩዬ ፊደል የቆጠርኩት ለሌላ ለምንም አይደለም።

ያ ፎቶ አለባቸው የመጀመሪያ ኮቱን ሰፍቶ የጨረሰ ቀን የተነሣው ነው። ፎቶው ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ እሱና ሼህ ሰይድ። ታደሰ ሼሁን ቆርጦ ጥሏቸዋል። እጃቸውን ግን መቁረጥ አልቻለም፤ አለባቸው ትከሻ ላይ ናትና፣ እሷን ቢቆርጥ ትከሻውም ይሄዳል። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ደረቱን የሚመታው፣ ባለቤት የሌላት የሽማግሌ እጅ ትከሻው ላይ ላረፈችበት ልጅ ፎቶ ፊት ነው። ከኔ በቀር ያያት አልነበረም።

ያቺን እጅ እያየሁ ሳለሁ ከድንኳኑ በር ጭቅጭቅ ሰማሁ።

«ዛሬ አይሆንም ሼህ፣ ይመለሱ» ይላል ታደሰ።

«ልጄ፣ ለቅሶ ልደርስ ነው። ይኸው ንፍሮ ቀቅያለሁ።»

«የናንተ እጅ የነካውን አንበላም። ደማችን ገና አልደረቀም።»

«እኔ አሳድጌው...»

«አሳድገው ለማን ሰጡት?»

ሐዘንተኛ ከፍራሹ አይነሣም፤ ደንብ ነው። ግራና ቀኝ የሚደግፉኝ ሰዎች ነበሩ። እጃቸውን ከብብቴ አውጥቼ ተነሣሁ። ሽንቴ መጥቶ መሰላቸው፣ መንገድ ለቀቁልኝ። በሩ ላይ ሼህ ሰይድ የንፍሮውን ሰፌድ እንደታቀፉ ቆመዋል። እንፋሎቱ መነጽራቸውን አደብዝዞታል።

«ሼህ፣ ይግቡ» አልኩ።

«አይገቡም!» አለ ታደሰ። ማልቀስ የጀመረው እሱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ልቡ የተሰበረ ልጅ ነበር፣ ክፉ አልነበረም።

«ለቅሶው የማን ነው?» አልኩት።

«የክርስቲያን ሁሉ ነው!»

«እንግዲያው አልቅሱ» አልኩትና፣ የሼሁን ክንድ ይዤ ወደ ግቢ ገባሁ።

እደጃቸው ላይ ተቀመጥን። ንፍሮው መሬት ላይ ቀዘቀዘ። እኔ ነኝ የጠየቅኋቸው። ሌላ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

«ሼህ፣ እነዚህ የናንተ ሰዎች ናቸው?»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «የኔን መጽሐፍ ይዘው ነው የገደሉት» አሉ። «አይደሉም ብዬ ብምልልህ አንተ ታምነኝ ይሆናል፣ እኔ ግን አፍራለሁ። ሃይማኖቴን አረከሱብኝ ብዬ እንዳላለቅስም ዛሬ ተራው ያንተ ነው።» ቀጥለውም፣ «ሬሳውን ሳላይ ግን አለባቸውን ሞተ አልልም። አንተም አትበለኝ» አሉ።

በዓለም ላይ ያን ቀን የወንድሜን መሞት ያልነገረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እዚያው ብቀመጥ ደስ ባለኝ። ፀሐይ ከዛፉ ስትወርድ ግን ሼሁ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣

«አሁን ሂድ ልጄ» አሉኝ።

«የት?»

«ድንኳኑ። ነገ ይነሣል፤ እኔ ግን ከነሱ ጋር ነው የምኖረው። አንተን ከወገንህ ነጠለ ከተባልኩ ማን ያስጥለኛል? ሂድልኝ።»

የመረጥኩት ሰው ፈርቶ አሰናበተኝ፤ አልፈረድኩበትም። ወደ ድንኳኑ ግን አልተመለስኩም። ፈረሴ በረት ገብቼ ገለባው ላይ ተጋደምኩ። ሙሾው ይሰማኛል፤ ታደሰ ሲናገር ይሰማኛል፤ ንፍሮ ሲዘገን፣ አግዳሚው ሲጎተት ይሰማኛል። ለቅሶው ያለኔም ሞቆ ዋለ። የሚያጽናኑኝ ሰዎች የት ሄደ ብለው አልጠየቁም። እንዳልጎደልኩ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሼህ ሰይድን ማንም በድንጋይ አልመታም፤ ይህን ደብቄ ከተማዬን ማሳማት አልሻም። ልብስ የሚያሰፋ ግን ጠፋ። ክረምቱ አልቆ ልጆች ዩኒፎርም የሚሰፉበት ጊዜ መጣ፤ ሰው ጨርቁን በብብቱ ይዞ በደጃቸው ያልፋል፣ ሰላምታም ይሰጣል፣ ግን አይገባም። መስከረም ሲጠባ ስፌት መኪናቸውን በጋሪዬ ጭኜ፣ ኮምቦልቻ ልጃቸው ጋ ሊገቡ መነኻሪያ አደረስኳቸው። «ከመጣ የት እንዳለሁ ንገረው» አሉኝ። አለባቸው እስከ ዛሬ አልመጣም። ከሟቾቹ መሆኑን የነገረኝም፣ አለመሆኑን የነገረኝም የለም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። አንዱ ተነሥቶ «ሽብርተኛ ሃይማኖት የለውም» ይላል። ውሸት ነው፤ እነዚያ የአምላካቸውን ስም እየጠሩ ነው ያረዱ። ሌላው ተነሥቶ «ሁሉም አንድ ናቸው» ይላል። እሱም ውሸት ነው። የመጀመሪያው ውሸት ለስብሰባ ይሆናል፣ ሁለተኛው ለድንጋይ መወርወሪያ። እኔ ወንድሜን ለሊቢያ፣ አባቴን «ሁሉም አንድ ናቸው» ለሚሉት ገብሬ ነው ይህን የምናገረው። ጠላታችሁን ውደዱ የሚለውን ቃል አሁን ራሴ አነብበዋለሁ። ከባድ ነው፤ ጠላቴን አልወደድኩም። ጠላት ያልሆነውን መውደድ ይህን ያህል ካስከፈለ ግን የዚያኛው ዋጋ ምን ሊሆን ነው?

እንግዲህ ማክሰኞ ወደ እኩለ ቀን ጎረቤቱ መጣ። አግዳሚ አመጡ፣ ንፍሮ መጣ። «እግዜር ያጽናህ» አሉኝ፣ በየተራቸው ተቀመጡ። ደጎች ናቸው። አንዱ ጎረምሳ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣

«ለቄሱ የምንነግረው ነው፤ የአባትህ የክርስትና ስም ማን ነበር?» አለኝ።

«የክርስትና ስም የላቸውም» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሰይድ ነው ስማቸው። እስላም ናቸው። እኔንና ወንድሜን እሳቸው ናቸው ሰው ያደረጉን።»

አንዱ ሳለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዱ ላሙ ልትወልድ እንደሆነ ትዝ አለው፣ አንዷ እሳት ላይ የጣደችው፣ አንዱ ቀጠሮ። የሰደበኝ የለም፤ በዚህ ዘመን ይህም ቀላል አይደለም። አግዳሚው ባዶ ሆነ። ያው ነው ብዬ ጋቢዬን ወደ ራሴ ሳብኩ።

እማማ የሺ አልተነሡም። መቁጠሪያቸውን እያሻሹ መሬት መሬት ያያሉ።

«ይበልጣል» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ለእስላም ነፍስ ይማር ይባላል?»

«አላውቅም እማማ።»

«እኔም አላውቅ» አሉ። ዱካቸውን ወደኔ አስጠግተው፣ «እንግዲያው ዝም ብዬ ልቀመጥ።»

እስኪመሽ ድረስ ተቀመጡ።