ደሟ የማያውቀው ጠባሳ

መጋረጃ ሰፊዋ ከግራ ቅንድቧ ከፍ ብላ ምስር የምታህል ጠባሳ አለቻት። እናቷ በሕይወት ሳለች "ልጅ ሆነሽ ጉድፍ ወጥቶብሽ ነው" ትላት ነበር። ብቻውን ለሚኖር ሰው ጠባሳም ዘመድ ነው። መስታወት ፊት በቆመች ቁጥር በጣቷ ጫፍ ትዳብሳታለች፤ የእናቷም ድምፅ ከሩቅ ይመጣል።

ኩላሊቶቿ እጅ ከሰጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ትሄዳለች፤ በቀሩት ቀናት የሰው መስኮት ታለብሳለች። ለእጥበቱ ሲባል የግራ ክንዷ ደም ሥሮች በቀዶ ጥገና ተገጣጥመው ከቆዳዋ ሥር ያለማቋረጥ ይርገበገባሉ። ስፌት ስትጨርስ መኪናዋን ትሸፍንና ጆሮዋን ክንዷ ላይ ታስጠጋለች። ደሟ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ ግጥም የሌለው እንጉርጉሮ ነው። ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚያንጎራጉር ስለሌለ እሱን ታዳምጣለች።

በዚያ ወር ግን ሰው ሊመጣላት ነበር። ሩቅ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሳምንት ሁለቱን የልጅ ልጆቹን ይዞ ሊሰነብት ቃል ገብቶላታል። ከጨርቅ ቁርጥራጭ ሁለት ትራስ ሰፋች፤ አንዱ ላይ ዓሣ፣ አንዱ ላይ ጨረቃ ለጠፈችበት። ስድስት ዓመት ሙሉ እንግዳ አድሮበት የማያውቅ ቤት ነው።

ሊመጡ አራት ቀን ሲቀራቸው ወንድሟ ደወለ። ትንሿ ልጅ ጉድፍ ወጥቶባት ገላዋ ውሃ ቋጥሯል፤ ታላቋም ማከክ ጀምራለች። መጋረጃ ሰፊዋ ሳቀች። እሷ እንደሆነ በልጅነቷ ወጥቶላታል፣ ሁለተኛ አይዛትም፤ ይምጡ አለችው። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ሁለት ጊዜ "ጋሼ?" አለች።

"ለማንኛውም ሐኪምሽን ጠይቂ" ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ እጥበት ላይ ነበረች። አጠገቧ የሚተኛው ጡረተኛ ሾፌር የእሱን ማሽን "ባለቤቴ" ነው የሚላት፤ አራት ሰዓት አቅፋው ጨምቃ ስለምትለቀው። የመጋረጃ ሰፊዋ ፊት መብራቱን አይቶ፣ እንግዳሽ ገና ሳይመጣ እንዲህ ካማረብሽ ሲመጣማ ማሽኑን ትፈቺዋለሽ እያለ ይቀልድባታል። ዶክተሯ ወረቀት ይዛ የመጣችው ያኔ ነው። ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ምርመራ ባለፈው ወር ከተቀዳው ደሟ ውስጥ ጉድፍን የሚከላከል ነገር አልተገኘም።

መጋረጃ ሰፊዋ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ግንባሯን አሳየቻት። "ይቺ ታዲያ ምንድን ናት?"

"የጠባሳዎን ነገር እንጃ፤ ደምዎ ግን ጉድፍን አያውቀውም።"

ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳቻት። ጉድፍ በአዋቂ ላይ ይበረታል፤ ኩላሊቱ ለደከመማ ሳንባ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ክትባት አለው፤ ነገር ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት ስለሆነ ኩላሊት ከተተከለ በኋላ አይሰጥም፤ ያኔ የሚዋጠው መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ያዳክማልና። ስለዚህ አሁን፣ ሁለት ጊዜ፣ በሳምንታት ልዩነት መወጋት አለባት። ልጆቹ ደግሞ ቁስላቸው በሙሉ ቅርፊት እስኪይዝ ደጃፏን እንዳይረግጡ። እስከዚያ ትምህርት ቤቱ ይከፈታል።

ቤቷ ገብታ ለወንድሟ ደወለች። ስለ ልጆቹ ከነገረችው በኋላ ስለ ጠባሳዋ ጠየቀችው።

"እታለም፣ የጉድፍ አይደለም። እኔ ነኝ።"

ጉድፍ የወጣበት እሱ ነበር። እሷን ገና በአራት ዓመቷ፣ እንዳይዛት ብለው አክስታቸው ቤት አሽሽተዋታል። በተመለሰች ቀን የጣሳ ክዳን ሲወረውር ግንባሯን አገኛት። አባታቸው እጁ ከባድ ነበር፤ እሱን እንዳይመታው እናታቸው ቁስሉን በጨርቅ አሰረችላትና "ጉድፍ ነው" አለች። በዚያው ቀረ።

"ትናንት ይምጡ ስትዪ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዋጥከው?"

"እማዬን ውሸታም ማድረግ ከበደኝ።"

ከዚያ ብቻዬን ልምጣ አላት። ልጆቹን ማን ሊያክልህ ነው፣ ተቀመጥ አለችው፤ ሁለቱም ትንሽ ሳቁ።

ሊመጡ በነበረበት ቀን ለመጀመሪያው ክትባት ቀኝ ክንዷን ለነርሷ ሰጠች፤ ግራው ያንጎራጉራል፣ እሱ አይነካም። ቤቷ ስትመለስ የተወጋችውን ክንድ ጨረቃዋ ትራስ ላይ አሳረፈችው። ዓሣውን ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው። ከዚያ ጠባሳዋን ዳበሰች። አሁን ሁለት ሰው አለበት፦ ክዳን የወረወረ ልጅና፣ ለእሱ ስትል የዋሸች እናት። ጆሮዋን ወደ ግራ ክንዷ አዘነበለች።