አያ እንድሪስ ያመጣው ስኳር

በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ኮምቦልቻ ልጄ ቤት ነው የምኖረው፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ነው። መቀሱ ወፍራም ጨርቅ ሲቆርጥ በሰማሁ ቁጥር አያ እንድሪስ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ዞሬ አያለሁ፤ ማንም የለም።

እሱ ደሴ ሸዋ በር፣ አባቴ ይሠራበት የነበረው የስፌት ቤት አለቃ ነበር። መልከ መልካም፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ፣ አፉ ማር። "ና አንተ ጎረምሳ፣ ሚስት አገኘሁልህ!" ይልና ከረሜላ ይሰጠኛል። ምን ልዋሽ፣ ከአባቴ አስበልጬ እወደው ነበር። ሠራተኛውን ግን "እገሌ አማህ" እያለ ያጣላል፤ መልሶ ራሱ ያስታርቃል። የስፌት ቤቱ ባለቤት ሐጂ አባቴን "እጁ ወርቅ ነው" ብለው ባመሰገኑ ሰሞን የሐጂ ትልቁ መቀስ ጠፋ።

"እንማልና ይውጣልን" አለ አያ እንድሪስ። "ወላሂ አላየሁም!" እንደ ሰላምታ ቀለለው። ሁሉም ተከትለው ማሉ። ተራው አባቴ ላይ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ።

"ይመር፣ አንድ ቃል እኮ ነው" አለው አያ እንድሪስ።

"አልወሰድኩም። ለብረት ብዬ ግን የአላህን ስም አልጠራም።"

አባቴ ለእውነትም አይምልም ነበር፤ ሰፈሩ ያውቃል። አያ እንድሪስ የሐጂን ጉልበት ያዘ። "ይተዉት ሐጂ፣ የልጆች አባት ነው፣ ቸግሮት ነው!"

አባቴን የጨረሰው ያ ልመና ነው። ያኔውኑ ተባረረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አያ እንድሪስ በካኪ ወረቀት ስኳር ይዞልን መጣ። ከእናቴ ጋር አለቀሰ። ሲወጣ እኔ ጫማውን ሳቀብለው ወደ አባቴ ዞረና፣ "እንደማትምል አውቅ ነበር እኮ" አለው፤ ፈገግ ብሎ። ቁጣ የለው፣ ሐፍረት የለው።

እናቴ ስኳሩን ስትፈታው መቀሱ ከውስጡ ወጣ።

"ብመልሰው ሌባ፣ ባስቀምጠው ሌባ" አለ አባቴ።

እስኪሞት ድረስ ደጋን ከተማ ገበያ ዳር የተቀደደ ሲጥፍ ኖረ። አያ እንድሪስም እንደተወደደ ሞተ፤ ቀባሪው መንገድ ሞላ። ለእኔ የተረፈኝ ይሄ ነው፦ ሰው በጣፈጠ አፍ ሲያናግረኝ ፊቱን ትቼ እጁን አያለሁ።

ያኔ ስኳሩ በመጣ በማግሥቱ ጠዋት መቀሱን ይዤ ስፌት ቤት ገባሁ። ሐጂ ባሉበት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

"አያ እንድሪስ፣ ትናንት ከስኳሩ ጋር ረስተውት ሄዱ።"

የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። እሱ ሳቀ፣ ራሴን ዳበሰ። ከረሜላ ዘረጋልኝ። ተቀብዬ መሬት ጣልኩና በእግሬ ረገጥኩት። ሐጂ መቀሱን አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

በሩ ጋ ሳልደርስ መኪኖቹ እንደገና መስፋት ሲጀምሩ ሰማሁ።