ይሉኝታና ቤንዚን

እናታችን ወንድሜን ስታሳድገው ታላቅ ቆሞ ታናሽ እንዳይቀመጥ አድርጋ ነው። ከአገር ቤት ኮሎምበስ ከተማ መጥቶ ሊንደን ሰፈር እኛ ቤት ሲኖርም፣ ባሌ ገና ከበር ሲገባ እሱ ከሶፋው ብድግ ይላል። "ስፕሪንግ አለህ እንዴ?" እያልኩ እቀልድበት ነበር።

የፈረንጆቹ 2020 ጥር ነው፤ ኮሮና ገና ወሬ ብቻ የነበረችበት። ወንድሜን ከከተማው ወጣ ብሎ ካናል ዊንቸስተር ከሚሠራበት መጋዘን ይዘነው ስንመለስ ባሌ ቤንዚን ሊሞላ ቆመ። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ወንድሜ ከኋላ ወንበር ላይ ይቁነጠነጥ ጀመር። ታላቁ የሆነው ባሌ ብርድ ላይ ቆሞ እሱ ሙቀት ውስጥ መቀመጡ አልዋጥልህ ብሎታል።

"ቁጭ በል፣ አሁን ይጨርሳል" አልኩት። ማን ይሰማኛል። ናይለን ጃኬቱን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ ተንሸራቶ ወረደ።

"ጋሼ፣ ይስጡኝ፣ እኔ ልያዘው።"

"ተው ግባ፣ ሊያልቅ ነው።"

"ኧረ በሞቴ!"

እጁን ወደ ባሌ እጅ ሰደደ። ጣቱ የፓምፑን ብረት ሊነካ ሲል ብልጭታ ዘለለች፤ በብርዱ ወራት የበር እጀታ ስንይዝ የምትቆነጥጠን ያችው። የታንኩ አፍ በእሳት ተያያዘ። ሁለቱም ደንግጠው ፓምፑን ሲመዙት ቤንዚኑ ባሌ እጅጌ ላይ ተረጨ፣ እሳቱም ተከተለው። ወንድሜ ባሌን በረዶው ላይ ጥሎ፣ እላዩ ላይ ተደፍቶ አጠፋለት።

በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኛው አስረዳኝ። በደረቅ ብርድ ከወንበር ተንሸራቶ የወረደ ሰው ሰውነቱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ አስቀድሞ የመኪናውን ብረት ካልነካ፣ ለቤንዚን ትነት ያቺ ብልጭታ ትበቃዋለች አለኝ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር።

የባሌ እጅ ዳነ። ጠባሳውን እያሳየ "ጨዋነትህ ጠበሰኝ" እያለ ሊያስቀው ይሞክራል። ወንድሜ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው አይነካም። ኮሮና መጥታ ሰው ሁሉ መጨባበጥ ሲተው የሱ ነገር ሳይታወቅ ቀረ። ቸርች ተከፍቶ ሰው እንደገና ሲተቃቀፍ፣ እሱ እጁን ኪሱ ከቶ ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ። ያኔ ነው የፈራሁት። ሳህን ሳቀብለው "ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ" ይላል። ከውጭ ሲገባ የበሩን ብረት ደጋግሞ ሲነካ እሰማለሁ።

እሳቱ በተነሣበት በዚያው በ2020 መጨረሻ ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር። ወንድሜ አንድ ጣራ ሥር እየኖረ አንድ ቀን አቅፎት አያውቅም። ልጄ አፉን በደንብ በፈታበት በ2022 መጨረሻ፣ አንድ ከሰዓት ሦስታችን ሳሎን ሳለን ኳሱን ለአጎቱ ዘረጋለት። ወንድሜ ፈገግ አለለት፤ እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም። ልጄ ትንሽ አየውና ወደ እኔ ዞረ።

"እማዬ፣ አጎቴ እጅ የለውም?"

ወንድሜ ይመልስለታል ብዬ ጠበቅኩ። ቀና ብዬ ሳየው፣ እሱም የምመልሰውን ይጠብቅ ነበር።