የጀልባው ባትሪና ቀለበቴ

በምንኖርባት ከተማ በኦሮራ ባለው ሐይቅ ላይ የቤንዚን ሞተር ክልክል ስለሆነ፣ የያኔው ባሌ ለአሮጌ ጀልባው የኤሌክትሪክ ሞተር ገዛ። ሞተሩ ሃያ አራት ቮልት ይፈልጋል። ሁለት ባለ አሥራ ሁለት ባትሪዎችን፣ የአንዱን ፕላስ ከሌላው ማይነስ ጋር በአጭር ገመድ አያይዞ በቴስተር ለካ። ሃያ አምስት አነበበ። የጋበዛቸው የቸርች ወንድሞች ዳር ቆመው አጨበጨቡለት።

አንዱ ገመድ ግን ላልቶ ነበር። የባትሪዎቹ ሳጥን ጠባብ ስለሆነ ትንሿ እጄ ተፈለገች። መፍቻውን ከመቀበሌ በፊት ቀለበቴን ላወልቅ ስል፣ «ሰው ፊት? ባሏ የሞተባት ልትመስዪ ነው?» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ሞኟ ተውኩት።

ብሎኑን ሳጠብቅ መፍቻው ፕላሱን እንደነካ፣ ብረቱ ላይ ያረፈው ቀለበቴ ማይነሱን ነካ። ብልጭ አለና ወርቁ ጣቴ ላይ ጋለ። ስጮህ እሱ የዘለለው ወደ ባትሪዎቹ ነው። በቴስተሩ ለካቸውና «ጌታ ይመስገን፣ አልሞቱም» አለ።

ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ክፍል ቀለበቱን ቆርጠው ከነቆዳዬ አነሱት። እሱ የኢንሹራንስ ካርዴን ከኪሱ ሲመዝ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ተንከባለለ። የራሱ ቀለበት ነው። ጠዋት ባትሪዎቹን ከመንካቱ በፊት አውልቆት ኖሯል።