የጋሽ ዋለልኝ ተራ

ጋሽ ዋለልኝ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረውን ቤታቸውን ሸጠው አልጋና ማድቤት ያለውን መኪና፣ ሞተር ሆማቸውን፣ ለራሳቸው አስቀሩ። ሰው ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው አለ። ልጃቸው ሶሊ በጎረቤቱ አሌክሳንድሪያ ከተማ ካለው ቤቷ ምድር ቤቱን አሰናድታ ወሰደቻቸው። የሰፈሩ ደንብ ግን ሞተር ሆም በር ላይ ማቆም ስለማይፈቅድ፣ ያ ትልቅ ነጭ መኪና ፌርፋክስ አጠገብ በሚገኝ የኪራይ ማቆሚያ፣ ከጀልባዎችና ከአሮጌ ተሳቢዎች መሀል ሲውል ሲያድር ከረመ። ጋሽ ዋለልኝ በየሳምንቱ እየሄዱ ሞተሩን ያስነሱለታል፣ መስኮቱን ከፍተው ያናፍሱታል፣ ከዚያ የሹፌሩ ወንበር ላይ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣሉ።

«የታመመ ሰው የሚጠይቅ ነው የሚመስለው» ትላለች ሶሊ።

ጋሽ ዋለልኝ ዕድሜያቸውን የአካባቢው የሕዝብ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ ተነስተው ወደ አስፐን ሂል፣ ከዚያ ተመልሰው ወደ ጣቢያው። እናቴ በእንግሊዝኛ አፏን ሳትፈታ በፊት የምትሳፈረው እሳቸው የሚነዱትን አውቶቡስ እየጠበቀች ነበር። ሌላው ሹፌር የት እንደምትወርድ አያውቅላትማ። ጡረታ የወጡ ጊዜ ያገለገለ ሞተር ሆም ገዝተው ሲመጡ ባለቤታቸው ተናኘወርቅ በር ላይ ቆማ እየሳቀች፣

«ዕድሜህን መሪ ጨብጠህ፣ ጡረታም ወጥተህ መሪ?» አለቻቸው።

«ያኔ ሰው ወደሚለኝ ነበር የምነዳው። አሁን አንቺ ወደምትይኝ ነው።»

ተናኘወርቅ ባለ ጥለት መጋረጃ ሰፍታ መስኮቶቹን ሁሉ አለበሰቻቸው። ሁለት ጊዜ አብረው ወጡ። ለሦስተኛው ስታስብ ታመመች፣ አልተነሳችም።

እዚህ ላይ ስለ ማኅበራችን መናገር አለብኝ። የኡራኤል ጽዋ ማኅበር አለን። እኔ የገባሁት በእናቴ ቦታ፣ እሷ ካረፈች በኋላ ነው። በየወሩ አንዱ ተረኛ ሆኖ ሌሎቹን በቤቱ ይጠራል። ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላው ይባረካል። በመጨረሻ ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። እሱም በእልልታ ተሸኝቶ ቤቱ ይወስደዋል፣ ወሩን ሙሉ እዚያ ይቀመጣል። እርስ በርሳችን «ጽዌ» እንባባላለን። አለቃችንን «ሙሴ» እንላቸዋለን። ሙሴያችን አቶ አበጀ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በአንድ ትልቅ ሆቴል ሒሳብ ክፍል ያሳለፉ፣ ደንብ አክባሪ ሽማግሌ።

ተናኘወርቅ ባረፈችበት ዓመት ሐዘን ነው ብለን የጋሽ ዋለልኝን ተራ ዘለልነው። በዓመቱ ተራው እንደገና ሲደርስ ቤቱ ተሸጦ ነበር። አንድ ቅዳሜ አስፐን ሂል፣ ከማኅበርተኞቻችን በአንዷ ሳሎን ተሰብስበን ሳለ አቶ አበጀ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ጽዌ ዋለልኝ፣ አንተ አትቸገር። የሚመጣውን ወር በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሁላችንም ተባብረን እንደግሰዋለን።»

ጋሽ ዋለልኝ በእጃቸው የነበረውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሱት።

«አምና ዘለላችሁኝ፣ ዝም አልኩ። ዘንድሮም ከዘለላችሁኝ እንግዳችሁ ነኝ እንጂ ማኅበርተኛ አይደለሁም። እየበላ የማያበላ ሰው ምን ይባላል?»

«ቤት የለህማ፣ ወንድሜ።»

«አለኝ።»

«የታለ?»

«ፌርፋክስ ቆሟል።»

ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። እትዬ ስሂን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ቆሟል ነው ያለው? ሲያሻው ደግሞ ሊሄድ ነው ማለት ነው!» አሉ። እትዬ ስሂን ባላቸው የሞተባቸው፣ ምላሳቸው ግን ገና በሙሉ ጤንነት ላይ ያለ ሴት ናቸው። ከጋሽ ዋለልኝ ቀጥሎ ያለው ተራ የእሳቸው ነው።

ጋሽ ዋለልኝ አብረው ሳቁና አስረዱ። ፓርክ ውስጥ ሞተር ሆም የሚያድርበት የወንዝ ዳር ካምፕ አለ፣ ጥላ አለው፣ ውሃና መብራት አለው። ሁለት ሞተር ሆም ይከራያሉ፣ ከእሳቸው ጋር ሦስት ይሆናል። ቅዳሜ ማኅበሩን ጠጥተን እዚያው አድረን እሑድ እንመለሳለን።

«ማኅበር የሚጠጣው በቤት ነው» አሉ አቶ አበጀ። «ጣራና ግድግዳ ባለው። ጽዋውን መኪና ውስጥ አኑረን ጎማው ቢፈነዳስ?»

«የእርስዎ ጣራ አፍስሶ ባልዲ ደቅነን የጸለይነውን ረሱት እንዴ?» አሉ እትዬ ስሂን።

ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ አቶ አበጀ ፈረዱ። «እንመጣለን። ጽዋው ግን እስከዚያ እኔ ዘንድ ይቆይ። ይዤው እመጣለሁ። ቤት መሆኑን አይቼ ካመንኩ ከዚያው ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። ካልሆነ ይዤው እመለሳለሁ፣ በአዳራሽ ይሆናል።»

ጋሽ ዋለልኝ ተስማሙ። ስንወጣ ግን አየኋቸው። ጽዋውን ሊሸፍኑበት ይዘውት የመጡትን የተናኘወርቅን ነጠላ አጣጥፈው ወደ ኮታቸው ኪስ መለሱት።

ወሩን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ካምፑን ሄደው አዩ። ሜዳውን በእግራቸው እየረገጡ ሞተር ሆም ሳያጋድል የሚቆምባቸውን ሦስት ጎን ለጎን ቦታዎች መረጡ። የሶሊን ባል ማቲያስን ባዶ የመኪና ማቆሚያ ወስደው፣ የሽንኩርት ከረጢት እየደረደሩ ትልቅ መኪና ወደ ኋላ መንዳት አስተማሩት። ለእያንዳንዳችን ደወሉ። ማን ላይኛው አልጋ ላይ መውጣት ይችላል፣ ማንስ ጉልበቱን ያመዋል፣ ማን ያንኮራፋል።

«ጽዌ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ከወረቀት ሌላ እንዳይጣል። ቆሻሻውን በቧንቧ የማወጣው እኔ ነኝ፣ እዘኑልኝ!»

ሶሊ ተጨነቀች። «ዳዲ፣ ዚስ ኢዝ ቱ ማች። ሆቴል ሩም እንያዝላቸው፣ ፕሊስ።»

«ማኅበር በሆቴል ይጠጣል እንዴ?»

«በሞተር ሆምስ ይጠጣል?»

ይህን ስትል ጋሽ ዋለልኝ ወደሚቀጥለው ማኅበርተኛ ደወሉ። ሶሊም የተናገረችው ወዲያው ቆጫት።

ጋሽ ዋለልኝ የካምፑን ሰዎች ሁሉን ጠየቁ። ስለ እሳት ጠየቁ፣ ስለ ውሻ ጠየቁ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ዝማሬ እንደማይፈቀድ ጠየቁ። ስለ ጠላው ግን አልጠየቁም። አንዳችንም አላሰብነውም። ጠላ በማኅበር ቀን ለእኛ መጠጥ አይደለም፤ ከዳቦው ጋር የሚቀርብ የበረከት ነገር ነው። ፓርክ ውስጥ አልኮል ክልክል ነው የሚለውን ማስታወቂያ እኔ ራሴ ስንገባ በር ላይ አንብቤ፣ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ አልፌዋለሁ።

ቀኑ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሳፈርን፤ ሶሊና ማቲያስም አብረውን ናቸው። ጋሽ ዋለልኝ የሹፌርነታቸውን ሰማያዊ ሸሚዝ ተኩሰው ከኮታቸው ሥር ለብሰዋል። ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ እንደወጣን እትዬ ስሂን ከኋላ፣

«ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ።

«የደወሉን ገመድ ሳይስቡ አላቆምም!» አሉ ጋሽ ዋለልኝ።

አቶ አበጀ አብረውን አልተሳፈሩም። በራሳቸው መኪና ከኋላችን ይከተላሉ። ጽዋው የኋላ ወንበር ላይ፣ ቀበቶ ታስሮለት ተቀምጧል።

ካምፑ ስንደርስ ሦስቱ ሞተር ሆሞች ጎን ለጎን ተሰለፉ። ጠረጴዛዎቹን ገጥመን ነጭ ልብስ አለበስናቸው። አቶ አበጀ ወደ ጋሽ ዋለልኝ ሞተር ሆም ገቡ። ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ፣ መጋረጃውን ነካ አደረጉና ወጡ።

«ፕላስቲክ ነው» አሉ። ከዚያ ተጣጣፊ ወንበራቸውን መኪናቸው አጠገብ ዘርግተው ተቀመጡ። ጽዋው ከመኪናቸው አልወጣም።

ጋሽ ዋለልኝ ሰምተዋል። የጠላውን እንስራ ይዘው ወደ ጠረጴዛው መጡ። ካህናችን ቀሲስ ልሳነወርቅ ከዛፍ ጥላ ሥር ጸሎት ጀመሩ። ቡራኬው አልቆ ጋሽ ዋለልኝ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሲቀዱ አንዲት ወጣት የፓርክ ጠባቂ በትንሽ መኪና መጥታ አጠገባችን ቆመች። ባርኔጣዋን አውልቃ ሰላም አለችን። ዓይኗ እንስራው ላይ አረፈ።

ምን እንደሆነ ጠየቀች።

«ጁስ» አሉ እትዬ ስሂን።

ቀሲስ ልሳነወርቅ በኃይል አሳላቸው። ሶሊ አባቷን አየች፣ ከዚያ ወደ ጠባቂዋ ዞራ እውነቱን ነገረቻት። በቤት የተጠመቀ ቢራ ነው፣ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ነው አለቻት። ጠባቂዋ አዘነች። በፓርኩ ሜዳ ላይ አልኮል አይፈቀድም፣ ወይ መደፋት አለበት ወይ መነሳት አለበት አለች። ከእንጨት አጥሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያም አሳየችን።

አቶ አበጀ ከወንበራቸው ተነሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደስ አላላቸውም። ግን ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ዋለልኝ፣ ወንድሜ፣ አይዞህ። ደንብ ነው። አዳራሽ እናደርገዋለን።»

ጋሽ ዋለልኝ ብርጭቆውን እንደያዙ ቆመዋል። አንድ ጊዜ ብቻ መስኮቱን፣ ያንን ባለ ጥለት መጋረጃ ቀና ብለው አዩት። ሶሊ ያንን አየች።

«ኤክስኪዩዝ ሚ» አለች ጠባቂዋን ተከትላ። «ውስጥስ? እዚያ ውስጥ ብንጠጣው?»

ጠባቂዋ ሞተር ሆሙን አይታ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ መለሰችላት። ሶሊ እየሮጠች ተመለሰች። ያን ያህል ፈጥና በአማርኛ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ዳዲ! ውስጥማ ቤታችሁ ነው አለች። ሰው ቤቱ ውስጥ የሚጠጣው አያገባኝም፣ ደንቡ እንደዚያ ነው አለች።»

«ድገሚው» አሉ ጋሽ ዋለልኝ።

«ቤታችሁ ነው አለች።»

«ለጽዌ አበጀ ድገሚላቸው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ አቶ አበጀ። ቁልፉን በመዳፋቸው ላይ ገለባበጡት። በሕይወታቸው ደንብ ሲነገራቸው ተከራክረው አያውቁም፣ ያን ቀንም አልተከራከሩም። «ሰምቻለሁ» አሉ ደግመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እንስራው ገባ፣ ዳቦው ገባ፣ እኛም ገባን። ቀሲስ ልሳነወርቅን ጠረጴዛው ጋ አስቀመጥናቸው። ሴቶቹ አልጋው ላይ፣ ማቲያስ ሽንት ቤቱ በር ላይ፣ የቀረነው መተላለፊያው ውስጥ ትከሻ ለትከሻ። ሞተር ሆሙ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ። ጋሽ ዋለልኝ ከበሩ ላይ ሆነው በድሮ ድምፃቸው፣

«ጠጋ ጠጋ በሉ! ወደ ኋላ ቦታ አለ!» አሉ።

የሳቃችን ድምፅ ካምፑን ሞላው። ቀሲስ ጧፉን ለኩሰው ጸሎቱን እንደገና ሲጀምሩ የጣራው ጢስ ጠቋሚ ይጮህ ጀመር። ማቲያስ በነጠላ ያራግበዋል፣ ቀሲስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀጥላሉ። «አቡነ ዘበሰማያት» ስንል አብሮን የሚጸልይ ይመስል ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ።

«እነሆ» አሉ እትዬ ስሂን። «ወጥ ባረረ ቁጥር የእኔም ቤት እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ከዚህ በላይ ቤት ከየት ይምጣ?»

በዚህ መሀል ዘወር ስል አቶ አበጀ የሉም። ጋሽ ዋለልኝም አይተዋል። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ወረደ። የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ሞተር ይነሳል ብለን ጠበቅን። አልተነሳም። አቶ አበጀ የሞተር ሆሙን መወጣጫ በአንድ እጃቸው እየተደገፉ ወጡ። በሌላው እጃቸው ጽዋውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ።

«ጽዌ ዋለልኝ» አሉ። «ወር ሙሉ ያለ ቦታው እኔ ዘንድ ከርሟል። ተቀበለኝ።»

ጋሽ ዋለልኝ ከኮታቸው ኪስ ነጠላውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉ። እልልታው ሲነሳ ሶሊም እልል አለች፤ አልሰመረላትም፣ ግን አላቋረጠችም። ጠባቂዋ አንድ ቁራሽ ዳቦ በእጇ ይዛ ውጭ ቆማ ታየናለች። ማን እንደሰጣት አላውቅም።

ጽዋው ዞረ፣ ጠጣን። ሲያበቃ ጋሽ ዋለልኝ ለሚቀጥለው ተረኛ ለእትዬ ስሂን አስረከቡ። እትዬ ስሂን ግን ተቀብለው ሲያበቁ መልሰው መስኮቱ ሥር፣ ከተናኘወርቅ መጋረጃ አጠገብ አኖሩት።

«ነገ ነው የምወስደው» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ቤትህ ይደር።»

በማግስቱ ጋሽ ዋለልኝ እንደ ወጉ ጽዋውን ሸኙ። እትዬ ስሂን ወደሚኖሩበት ወደ አስፐን ሂል፣ በዚያው በድሮ የአውቶቡስ መንገዳቸው ነዱ። ሌሎቹ ሁለት ሞተር ሆሞች ከኋላ፣ የአቶ አበጀም መኪና ከኋላችን። የእትዬ ስሂን አፓርትመንት ጋ ስንደርስ የአውቶቡሱ ፌርማታ ባዶ ነበር።

«ወራጅ አለ!» አሉ እትዬ ስሂን።

ጋሽ ዋለልኝ ቀስ ብለው ጠርዙን አስጠግተው አቆሙ። እትዬ ስሂን ጽዋውን አቅፈው ወረዱ፣ በእልልታ ሸኘናቸው። ከኋላችን አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ ዋለልኝ አልተንቀሳቀሱም። ድሮ እናቴን ሲያወርዱ እንደሚያደርጉት፣ እትዬ ስሂን የሕንፃውን በር ከፍተው እስኪገቡ የሞተር ሆሙን በር እንደከፈቱ ጠበቁ።