እኔ ያልጻፍኩት የሱቄ ሕግ

እኔ ኮት ሰፊ ነኝ። ፊደል የማውቀው የሰው ልክ ለመመዝገብ ያህል ነው፤ ይህንንም እየተንፏቀቅኩ ነው የምጽፈው። ሱቄ ውስጥ ሕግ ነበረኝ፣ ተጽፎ ግን አያውቅም። ደንበኛ ለሙከራ ሲመጣ መስታወት ፊት አቆመውና «አሁን ተናገር» እለዋለሁ። እጅጌው ረዘመ ካለ እፈታዋለሁ፣ ወገቡ ጠበበኝ ካለ እፈታዋለሁ። ለብሶት ከደጄ ከወጣ በኋላ ግን ኮቱ የሱ ነው። ከገጠር ከዋሂል ለመጣውም፣ ከቢዮ አዋሌ ለመጣውም፣ ለኦሮሞውም ለሶማሌውም በሚገባው ቋንቋ ይህንኑ ስናገር ኖሬያለሁ፤ አልሰማሁም ያለኝ የለም።

ዌብሳይት የሚሉትን ያመጣብኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሚስት አግብቶ የወለደ ትልቅ ሰው ነው፤ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ ብሎ በድሬ ሙቀት ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ይቆልፋል።

«አጎቴ፣ ዌብሳይት የሌለው ሱቅ ሞቷል» አለኝ።

እሱን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ይኸው ሱቅ ነው። ሬሳ ልጅ ሲያስተምር የት እንዳየ አላውቅም። እናቱ ለመነችኝና እሺ አልኩ። ስሜን ከላይ ጻፈ፣ የኮቶቹን ፎቶ ደረደረ፣ ከታች ደግሞ «ደንቦችና ሁኔታዎች» የሚል ማለቂያ የሌለው ጽሑፍ ለጠፈ። ምን እንደሚል ጠየቅኩት።

«ባክህ ተወው፣ ማንም አያነበውም። ግን መኖር አለበት።»

ማንም የማያነበው ነገር ለምን መኖር እንዳለበት ዛሬም አልገባኝም። እንዲህ ያለውን ነገር አፉን ሞልቶ የሚናገር የተማረ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ሰው ግን አነበበው። ሙሽራ ነበር። ኮቱን ለሰርጉ ሰፍቼለት፣ በመስታወቱ ፊት ዞሮ ዞሮ ራሱን አይቶ፣ እየሳቀ ወስዶት ነበር። ሰርጉ ካለፈ በኋላ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት መጣ። አወጣሁት። አንገቱ ላይ ላብ ደርቋል፣ እጅጌው ወጥ ነክቶታል፣ ኪሱ ውስጥ የጫት ገረባ አለ።

«ልመልሰው ነው፣ አባባ። ገንዘቤን ስጠኝ።»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም። አልወደድኩትም።»

«ስትሞሸርበት ወደኸው ነበር እኮ!»

«አቦ አታካብድ! ያለው ያንተው ዌብሳይት ነው።» ስልኩን አወጣና የጎረቤት ሱቆች እንዲሰሙት አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ። «በሰላሳ ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ይመልሱ፣ ሙሉ ገንዘብዎን ይውሰዱ ይላል። ከፈለግክ እንካሰስ። ግን ክርክር የሚታየው ለንደን ባለው ፍርድ ቤት ነው ይላል። እንሂድ? ትኬቱን አንተ ቁረጥ።»

ፊት ለፊት ያለው ጫማ ሻጭ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱም እኮ ሰው ነኝ ይላል።

«እምቢ ካልክ ፌስቡክ ላይ ነው የማወጣህ» አለ ሙሽራው። «የጻፈውን የሚክድ ሰፊ ብዬ።»

ይቺ ነች የነከሰችኝ። ከፋይ ዘገየ፣ ጨርቅ ተበላሸ፣ ይህን ሁሉ ችያለሁ። ካጂ ተብዬ ግን አላውቅም። ነገ ና ብዬ ሸኘሁትና ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። ከአንድ የእንግሊዝ ልብስ መደብር ዌብሳይት ላይ እንደገለበጠው ያለ ምንም እፍረት ነገረኝ።

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ተርጉሜ ስማችንን አስገባሁበት፣ አለቀ።»

«እና እንግሊዙ የተለበሰ ኮት ይቀበላል?»

«ያልተለበሰ መሆን አለበት የሚል መስመር ነበረው» አለኝ። «በጣም ሲረዝም ጊዜ ቆረጥኩት።»

የለንደኑን ትቶ ያንን ቆረጠ! እኔ እንኳ በዚህ በደከመ ዓይኔ ጨርቅ ስቆርጥ የሚቆረጠውን አውቃለሁ። የማያውቀውን የፈረንጅ ልክ ወሰደና እኔን አለበሰኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከዚራ የሚባለው ሰፈር ወዳለች ጠበቃ ሄድኩ። ከደጋ የመጣች ናት፤ እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ ስንል እሷ አንቱ ትላለች። ከየት እንደተገለበጠ ነገርኳትና ስልኬ ላይ ያለውን እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ዌብሳይቱ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ስሙስ?»

«የኔ።»

«እንግዲህ ቃሉም የእርስዎ ነው። ሰውዬው ይህን አምኜ ነው ያዘዝኩት ካለ፣ አልጻፍኩትም ማለት ብቻ አያዋጣዎትም። በልክ የተሰፋ ነው፣ ተለብሷል ብለን መከራከር እንችላለን። ይረዝማል እንጂ ተስፋ አለው። የተገለበጠበት መደብርም ጽሑፌን ወሰዳችሁ ብሎ ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ቶሎ ያንሱት።»

ለዚህ ምክር አስከፈለችኝ። እየተመለስኩ ባጃጁ ውስጥ አሰብኩት። ዳኛ ፊት ቆሜ «ከላይ ያለው ስም የኔ ነው፣ ከታች ያለው ቃል የኔ አይደለም» ልል? እንዲህ የሚል ነጋዴ ባይ እኔ ራሴ ሁለተኛ ደጁን አልረግጥም።

ሙሽራው ሲመጣ ገንዘቡን ሰጠሁት።

«አቦ፣ አንተ ሰው ነህ!» አለኝ።

«ውጣ» አልኩት።

ኮቱን ለሌላ ሰው መሸጥ አይቻልም። የሙሽራው ግራ ትከሻ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለዚያ ብዬ ነው የቆረጥኩት፤ ሌላ ሰው ቢለብሰው የተጣመመ ይመስላል። በምላጭ ፈታሁት።

የእህቴ ልጅ አቀርቅሮ መጣና ዌብሳይቱን እንዝጋው አለኝ። እዘጋው ነበር፤ ግን ከዘጋሁት ሸሸ ይሉኛል። ልጁን ጨርቅ የምቆርጥበት ጣውላ ላይ አስቀመጥኩትና ያንን ሁሉ ዝባዝንኬ አስጠፍቼ «ጻፍ» አልኩት።

«የለበስከውን አልቀበልም። ያልወደድከውን ስትሞክረው ተናገር።»

«አጎቴ፣ እንዲህ አይባልም። ውድ ደንበኞቻችን ብለን እንጀምር።»

«ውድ መሆናቸውን በምን አወቅክ? ጻፍ። ሙግት ያለው ሱቄ ድረስ ይምጣ። በቀትር ዘግቼ እተኛለሁ፣ ፀሐይ ስትበርድ እከፍታለሁ።»

«ይሄ ደንበኛ ያባርራል።»

«ይባረር።»

ያንኑ ጻፈ። ሦስቴ አስነበብኩት፤ አንድም የእንግሊዝ ቃል አልነበረበትም።

በሳምንቱ አንድ ጎልማሳ ስልኩን እያየ ገባ።

«ይህን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ስድብ ይመስላል እኮ።»

«ለማን እንደሚመስል እንጃ።»

ቆሞ እንደገና አነበበው። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጥቶ ሄደ። ይሂድ። የሄደው እኔ ባልኩት ቃል ነው።